የአንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት

ቧንቧ ሠራተኛው አፍንጫው ከእጁ ይቀድማል ይባልለት ነበር። ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ገና ደወሉን ሳይጫን፣ «ችግራችሁ ላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ሥር ነው፤ ጎማው ተበልቷል» ይላል። ወጥተው ሲያዩት፣ እውነትም ተበልቷል። አንዴማ በስልክ አሸተተ ብለው የሚምሉ ሰዎች አሉ። እሱም ይህ ወሬ ሲነሳ አያስተባብልም፤ «መስመሩ ጥራት ነበረው» ብሎ ያልፈዋል።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስከብረው የኖረ አፍንጫ ሊያዋርደው የተነሳው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን የቀጠሩት የፋርማሲስቷ አባት ናቸው።

ፋርማሲስቷን ያገኛት የመድኃኒት ቤቷ መታጠቢያ አፍስሶ ሲጠሩት ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በመጨረሻ እሷው ራሷ «ወይ ቧንቧውን ጨርስ፣ ወይ ነገሩን ጀምር» አለችው። ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እሷ ወዳለች፣ እሱ ወዷል፣ እናትየውም በሆዳቸው ከፈቀዱ ቆይተዋል። የቀረው የአባትየው እሺታ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ አባዬ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም ብላለች፤ አንዴ ካለች አለች። አባትየው በበኩላቸው ወይን የማያውቅ ወንድ አማቼ አይሆንም ብለዋል፤ እሳቸውም አንዴ ካሉ አሉ። ልጅቷ ይህን አመል ከየት እንዳመጣችው መጠየቅ አያስፈልግም።

አባትየው ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ሊቀ ቀማሽ» ይላቸዋል። ለፌዝ የወጣ ስም ነው፤ እሳቸው ግን ለክብር ተቀብለውት ከፊርማቸው ሥር ይጽፉታል። የወይን ነገር የጀመራቸው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ያኔ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ፋይሉ ጠፍቶበት ዘጠኝ ዓመት ሲመላለስ ኖረ። ሊቀ ቀማሽ ፋይሉን የቁም ሳጥን እግር ማስተካከያ ሆኖ አገኙትና አቧራውን አራግፈው ሰጡት። መሐንዲሱ አቅፎ ሳማቸው። ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ አንድ ካርቶን ትቶላቸው ሄደ፤ ውስጡ ስድስት ጠርሙስ የፈረንሳይ ቀይ ወይን። ከሦስት ዓይነት ወይን ተዋህዶ የተጠመቀ፣ በበርሜል ተኝቶ የጎለመሰ፣ ገና ያኔ አሥር ዓመት የሞላው። ዛሬ ሠላሳ ሆኖታል። ከፋርማሲስቷ በአንድ ዓመት ስለሚበልጣት እሷ «ታላቅ ወንድሜ» ትለዋለች። ለአባቷ ግን ቀልድ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ልጄ ይቺ ናት ከማለታቸው በፊት ጠርሙሱን ያሳያሉ።

ለዚህ የበኩር ልጅ ማደሪያ የሰጡት የቤቱን ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት ነው። ወይን ጨለማ፣ ቅዝቃዜና ጸጥታ ይወዳል ሲባል ሰምተዋል፤ ከመታጠቢያ ቤት የበለጠ ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ጸጥተኛ የት ይገኛል? ገንዳውን አስነቀሉ። መቀመጫውን አስነቅለው ጉድጓዱን በሲሚንቶ አስደፈኑ። መስኮቱን አስለሰኑ። ገንዳው በነበረበት መደርደሪያ ቆመ፣ መሀል ላይ ጠረጴዛና አራት ወንበር ገባ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ዓሣ የተሳለበት ሴራሚክ ግን እንዳለ ቀረ። ወለሉ መሀል ያለች የፍሳሽ ቀዳዳም እንዳለች ቀረች፤ ጠረጴዛው ሸፈናት፣ ተረሳች። ከዚያ ወዲያ ሚስታቸው ወደዚያ ክፍል ጠብታ ውሃ እንዳያስገቡ ተከለከሉ፤ እርጥበት የጠርሙሱን ወረቀት ይልጣል ተባለ። ስድስት ዓመት በባልየው እጅ፣ በደረቅ መጥረጊያ ብቻ ተጠረገ። እናትየው ስድስት ዓመት ሙሉ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ክፍል ይሸታል» ሲሉ፣ ባልየው ስድስት ዓመት ሙሉ «ዕድሜ ነው የሸተተሽ» ሲሉ ኖሩ።

ይህን ያሉት ደግሞ ከመሬት ተነስተው አይደለም፤ ከመጽሐፍ ነው። ሊቀ ቀማሽ የቀማሾች ማኅበር አቋቁመው ሊቀመንበር ሆነዋል። ከእሳቸው ሌላ ያሉት አባላት ሁለት ናቸው። አንደኛው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ላይ ሲያጎነብስ ኖሮ አፍንጫው ተስፋ ቆርጦ ሥራ አቁሟል። ሁለተኛው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ የእሱንም አፍንጫ የጠመኔ ብናኝ ደፍኖታል። ማኅበሩ የሚመራበት መጽሐፍ ከአሮጌ ዕቃ መሀል የተገኘ ነው። ፊቱም ኋላውም የለም። ከገጽ አርባ አንድ ይጀምርና «የተበላሸ ወይን የሚታወቀው» የሚል መስመር ላይ ሲደርስ ያልቃል። መምህሩ መዝገበ ቃላት ይዞ ክረምቱን ሙሉ ተረጎመው። በትርጉሙ መሠረት ያረጀ ምርጥ ወይን አፈር፣ ቆዳ፣ ዝናብ የመታው ጫካና የከብት ጋጣ ይሸታል። ከጋጣው በፊት «በስሱ» የምትል ቃል ነበረች ይባላል፤ እሷን አይጥ በልቷታል። ስለዚህ ማኅበሩ ጋጣው በበረታ ቁጥር እጅ ይነሳል።

ቧንቧ ሠራተኛው በቀጠሮው ቀን ጥፍሩን ሦስት ጊዜ ፈትጎ፣ ኮት ተውሶ መጣ። ፋርማሲስቷ በር ላይ ያዘችውና መመሪያዋን ሰጠችው። ምን ሸተተህ ሲሉህ ጥልቀት አለው በል፤ ከዚያ ዝም በል አለችው። ዝም አይነቅዝም። እሱም ማለ።

ኮሪደሩን ጨርሶ የክፍሉ በር ሲከፈት ግን ሽታው እንደ ጥፊ አጮለው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፤ እንባው ግጥም አለ። ሊቀ ቀማሽ አይተውት ልባቸው ተነካ። ከበር ላይ የሚያለቅስ እንግዳ ገጥሟቸው አያውቅም።

እሱ ከመቀመጡ በፊት በሽታውን ጨርሶ አውቆታል። ጠረጴዛው ሥር፣ ወለሉ መሀል፣ ሲፎኑ ደርቋል። ሲፎን ማለት ሌላ አይደለም፤ አንገቱን የቆለመመ ቧንቧ ነው። ቁልምሙ ላይ አንድ ጉንጭ ውሃ ይቋጥራል፤ ያቺ ውሃ ዘበኛ ናት። ዘበኛዋ በጥም የሞተች ቀን ከመሬት በታች ያለው የከተማው ጉድ ሁሉ ሽቅብ ለጥየቃ ይመጣል። መድኃኒቱ አንድ ጆግ ውሃ ነው። ለዚህ መሣሪያ ሳጥን እንኳ አያስፈልግም። አፉ ድረስ መጣበት፤ ፋርማሲስቷን አሰበና ዋጠው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ለአፍ ማሟሻ የተገዛ፣ ከማዕዘኑ ሱቅ የመጣ የሁለት ዓመት ወይን ነው። ሦስቱ ሰዎች ብርጭቋቸውን አሽከረከሩ፣ አፍንጫቸውን ነከሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የጥርስ ሐኪሙ አፈሩን አወድሶ አልጠግብ አለ። መምህሩ ከአፈሩ በታች ጋጣ አገኘ፤ ከጋጣው ማዶ ደግሞ የወንዝ ዳርቻ ታየው። ከዚያ በአፋቸው አጉመጥምጠው መሀል የተቀመጠው ባልዲ ውስጥ ተፉት። መትፋት የቀማሽ ወግ ነው፤ አተፋፉን ያስተማረው የጥርስ ሐኪሙ ስለሆነ ሁሉም አንገታቸውን ወደ ግራ ያዘማሉ።

ከዚያ ሊቀ ቀማሽ ወደ እንግዳቸው ዞሩና ምን እንዳገኘ ጠየቁት።

«ጥልቀት አለው» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ደህና ነበር። መምህሩ ግን ልኬት የሚወድ ሰው ነውና ጥልቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀ። ቧንቧ ሠራተኛው የሙያ ነገር ሆኖበት፣ ሳያስበው ጠረጴዛው ሥር አየት አደረገ።

«አንድ ሜትር ተኩል ግድም።»

መምህሩ ብዕሩን አወጣና በማኅበሩ መዝገብ ላይ ጻፈው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥልቀት አለው፣ ጥልቀት አለው ሲሉ ኖረው በሜትር የለካው ሰው አልነበረም። ሊቀ ቀማሽ በወንበራቸው ላይ ተደላድለው «አማቼ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ገጠሙት። ፈተናው ገና አላለቀም፤ ታላቁ ጠርሙስ ቀርቷል።

ካርቶኑ ከመጣ ጀምሮ ከስድስቱ አንዱም ተከፍቶ አያውቅም። ሊቀ ቀማሽ የመጀመሪያውን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው አመጡት። ቡሹን በቀስታ ሳቡት፤ ሳይቆረስ ወጣ። ከዚያ ሻማ ለኩሰው፣ ዝቃጩ እንዳይገባ በብርሃኑ እያዩ፣ ሆዱ የሰፋ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በጣም በዝግታ ገለበጡት። ጠብ ያለ ነገር የለም። አሁን ሩብ ሰዓት ይተንፍስ አሉ። ሠላሳ ዓመት ትንፋሹን ይዞ የኖረ ፍጡር ፊት አራት ሰው ተሰብስቦ አየር መሻማት ነውር ነው ብለው እንግዶቹን ወደ በረንዳ መሩ። ቧንቧ ሠራተኛውን በዕድሜ ታናሽ ስለሆነ ባልዲውን ደፍቶ እንዲከተላቸው አዘዙት።

ብቻውን ቀረ። እጁ ላይ የተተፋ ወይን ያለበት ባልዲ አለ፤ ጠረጴዛው ሥር አፏን ከፍታ በጥም የደረቀች ቀዳዳ አለች። እዚህ ላይ የቆመ ቧንቧ ሠራተኛ ምን ያድርግ? የተጠማ አይቶ ባልዲውን ይዞ የሚያልፍ የሙያ ሰው አለ? ደግሞ ያ ምስኪን ወይን ሠላሳ ዓመት ታስሮ፣ ዛሬ ቢፈታ የመጀመሪያ ትንፋሹ ይሄ ሊሆን ነው። አዘነለት። ሽማግሌውን ልርዳቸው፣ ማንም አያውቅም፣ ወይኑ ደምቆ ይወጣል፣ እሳቸውም ይኮራሉ ብሎ አሰበ። ተንበረከከና ባልዲውን ደፋ። ቀዳዳዋ ጉልጭ ጉልጭ አድርጋ ጠጣች፤ በመጨረሻ አንዴ አገሳችና ጸጥ አለች። በሩን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ ያለውን አየር አስወጣና እጁን በኮቱ ጠርጎ ወደ በረንዳ ሄደ። የተውሶ ኮት መሆኑን ያስታወሰው ቆይቶ ነው።

ሲመለሱ ሊቀ ቀማሽ ቀዱ። ሁሉም አሽከረከሩ፣ ነከሩ፣ ጨፈኑ። የጥርስ ሐኪሙ ዓይኑን ገለጠና ብርጭቆውን ባዶ መሆኑን እንደሚጠራጠር ሰው አየው። እንደገና ነከረ። መምህሩ ከብርጭቆው ወጥቶ አየሩን አሸተተ፣ ተመልሶ ገባ። ተያዩ። በመጨረሻ መምህሩ፣ በሐዘን ቤት ድምፅ፣ አፈሩ የለም አለ። ሐኪሙ ደግሞ ጋጣውም የለም አለ። ሁለቱ ተነጋግረው ሲጨርሱ ፍርዳቸው አንድ ሆነ፦ ይህ ወይን ወይ ሞቷል፣ ወይ ገና ሕፃን ነው፣ ወይ ፈረንሳዊው አጭበርብሯል። ከማዕዘኑ ሱቅ የመጣው በአንድ ሜትር ተኩል ይበልጠዋል።

የሊቀ ቀማሽ ፊት እንደ አሮጌ ፋይል ቢጫ ሆነ። እንግዶቹ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው፣ አይዞን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ሊቀመንበርነቱ እንነጋገራለን ብለው ወጡ።

ይህን ሁሉ እናትየው ከኮሪደሩ ሰምተዋል። ሳህን ዳቦ ይዘው መጡና የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። አሸተቱ። ስድስት ዓመት ያልረገጡትን ክፍል ረገጡ። ማንንም ሳያስፈቅዱ የሐኪሙን ብርጭቆ አንስተው ጠጡና «ይሄማ ጥሩ ነው» አሉ። ባላቸው ቀና ብለው አላዩዋቸውም፤ የሴት ማጽናናት መሰላቸው።

ያኔ ቧንቧ ሠራተኛውም ብርጭቆውን አነሳ፤ እስካሁን የቀመሰው ለይስሙላ ነበር። ቀለሙን አየው፤ መሀሉ ጥቁር፣ ጠርዙ ላይ ወደ ሸክላ ጡብ የሚያደላ። አሸተተው፤ የበሰለ ፕሪም፣ አሁን የተቀረጸ እርሳስ፣ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል። ጠጣው። ከተዋሃዱት ከሦስቱ አንደኛው ወይን እንደ አጥንት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሁለተኛው እንደ ሥጋ ከበበው፣ ሦስተኛው ሁለቱ ካለፉ በኋላ ጉሮሮ ላይ ዞር ብሎ ተሰናበተ። ሁለት የብረት ቧንቧ ሲጋጠም ጥርሱ ብቻውን ውሃ አይይዝም፣ የሚጠመጠምበት ቃጫ ብቻውን አይይዝም፣ የሚቀባው ቀለምም ብቻውን አይይዝም፤ ሦስቱ ተጋግዘው ዓመታት ሲያልፉባቸው ግን ውሃው ራሱ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አያውቅም። እንደዚያ ያለ ሥራ ነው። የሙያ ሰው የሙያ ሰውን ያውቃል፤ ያንን ያጋጠመውን የማያውቀውን ፈረንሳዊ አከበረው።

ሊቀ ቀማሽ ግን እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ የቀሩትን አምስት ጠርሙሶች አውጥቼ እደፋለሁ አሉ፤ ሃያ ዓመት ሰው ሳቀብኝ አሉ።

ፋርማሲስቷ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ዝም በል አለችው። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ዝም ቢል ጥፋቱ የፈረንሳዊው ነው፤ እሱ አንድ ሜትር ተኩል የለካው ጀግና ሆኖ ይቀራል፤ ልጅቷንም ያገኛል። ቢናገር፣ ሊቀ ቀማሽን ስድስት ዓመት የፍሳሽ ቀዳዳ ሲያመሰግኑ ኖረዋል ሊላቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ልጅ የተሰጠው ሰው በታሪክ የለም።

ግን አምስት ጠርሙስ ሊደፋ ነው።

«ጋሼ» አለ፣ «ወይኑ አልሞተም። የሞተው ሽታው ነው። የገደልኩትም እኔ ነኝ።»

ቀና አሉ። ነገራቸው። ቀዳዳዋን፣ ሲፎኑን፣ ዘበኛዋን ውሃ፣ ባልዲውን። አፈርና ጋጣ ሲሉት የነበረው ከየት እንደሚመጣ ሲነግራቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ፋርማሲስቷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ሊቀ ቀማሽ አልተቆጡም። ተነሱና ኮታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ቀዳዳዋን አሸተቱ። ቆዩ። ወጡና የሱቁን ወይን አሸተቱ፤ ኮምጣጤ የጎበኘው የወይን ጭማቂ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወደ ታላቁ ወይን ዞሩ። ጠጡ። ባልዲው አጠገባቸው ነበር፤ ግን ዋጡት። በስድስት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። ሌላም ዋጡ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ሰማያዊዎቹን ዓሣዎች ያዩ ነበር።

«ሃያ ዓመት አቅፌው ኖሬ» አሉ፣ «ገና ዛሬ ተዋወቅን።»

ወይኑ ወርዶ ሆድ ሲደርስ ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። ማኅበሩ አለ። መዝገቡ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሊቀመንበርነቱ ነገር አለ። እነዚያ ሁለት ሰዎች እውነቱን ቢሰሙ ሐኪሙ ንዴቱን የሰው ጥርስ በመንቀል ይወጣዋል፤ መምህሩ ግን የተረጎመውን መጽሐፍ በልቶ ይሞታል። በረጅሙ ተነፈሱና ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ ይመለሳል?»

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ሽታው።»

ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው። የሸተተ ሁሉ አጥፋልኝ ሲሉት ኖሯል፤ የጠፋ ሽታ መልስልኝ ያለው ሰው አልነበረም። ሙያዬ አይፈቅድም ሊል ነበር። ፋርማሲስቷ ጣቶቿን ከፈት አድርጋ በመሀላቸው ስታየው አየ።

«ሲፎኑን በስፖንጅ ማድረቅ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን በየቅዳሜው መምጣት ይኖርብኛል።»

ሊቀ ቀማሽ ሰው ምን ይላል ብለው ተጨነቁ። በየቅዳሜው ቧንቧ ሠራተኛ የሚገባበት ቤት ስሙ ይጠፋል።

«በየቅዳሜው የሚገባ ቧንቧ ሠራተኛ ያስወራል» አሉ እናትየው፣ ብርጭቋቸውን ዳግመኛ እየሞሉ። «በየቅዳሜው የሚገባ አማች ግን ማን ይጠይቀዋል?»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሊቀ ቀማሽ የመረቁት ጠረጴዛ ሥር የተንበረከኩበትን ጉልበት እያራገፉ ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አፈሩም ጋጣውም በቦታቸው ተገኙ። ማኅበሩ ሊቀመንበሩን በሙሉ ድምፅ አጸና። ከዚያ ወዲህ አማቹ ከእንግዶቹ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል፤ ስፖንጁን ይዞ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። እንግዶቹ የማዕዘኑን ሱቅ ወይን አወድሰው ሲወጡ፣ እናትየው ጆግ ሙሉ ውሃ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃሉ። ውሃው ጉልጭ ብሎ ሲወርድ አራቱ ኩሽና ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ የዚያ የፈረንሳይ ወይን አንዱ ጠርሙስ የሚከፈተው ግን በዓመት አንዴ ነው፤ የሚተፋም የለም።

አንድ ቅዳሜ ብቻ ችግር ተፈጠረ። አማቹ ተጣድፎ ሲፎኑ ውስጥ ጥቂት ውሃ ሳይመጥ ቀረ። የጥርስ ሐኪሙ ነከረ፣ ጨፈነ፣ ቅር አለው። የዛሬው ጥልቀቱ ቀንሷል አለ። ሊቀ ቀማሽ ከቅንድባቸው ሥር አማቻቸውን አዩት። መምህሩ ብዕሩን አውጥቶ ይጠብቃል።

አማቹ ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ ጠረጴዛው ሥር አየት አደረገ።

«አንድ ሜትር ከሃያ» አለ።

መምህሩ ጻፈው።